ይሄይስ ያልለመደው እንግድነት

በፈረንጆቹ 2014 መግቢያ ላይ፣ ታናሽ ወንድሟ የቱሪስት ቪዛ ያገኘ ዕለት ንግሥቴ «ሦስት ወር ምን አላት!» ብላ አልቅሳ ነበር። እሷ በልጅነቷ ከአባቷ ጋር ወደ እስራኤል ስትመጣ ይሄይስ ከእናታቸው ጋር ጎንደር ቀርቶ፣ ሳይተያዩ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እሱ ግን ሃይፋ፣ ኔቬ ዮሴፍ ሰፈር፣ እሷ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ገና በሁለተኛው ሳምንት ቀኑ አልመሽ አለው።

«ዘመድ ትጠይቃለህ፣ ባሕር ታያለህ፤ ሥራ የሚባል ግን እንዳትነካ» ብላዋለች። «ቱሪስት ሲሠራ ከተገኘ ይባረራል። የእምዬ የቪዛ ማመልከቻ ደግሞ ገና መልስ አላገኘም። ባንተ ሰበብ እሷን ቢከለክሏትስ?»

«ቤሰደር፣ እታለም» አለ፤ «እሺ» የሚለውን የዕብራይስጥ ቃል ከልጆቿ ለቅሞ።

ከዚያ ወዲህ ንግሥቴ እረፍት የላትም። በምትሠራበት የአረጋውያን ቤት የአሮጊቶቹን ፀጉር እያበጠረች ልቧ እቤት ነው። አንድ ቀን የደረጃውን መደገፊያ ሲያጠብቅ አገኘችው፤ ሌላ ቀን የጎረቤት ፍራሽ ተሸክሞ።

ከዚያ፣ በእስራኤል በጥርና በየካቲት የሚዘንበው የክረምት ዝናብ የጎረቤታቸውን የጸጋይን የጓሮ ካብ ናደው። ንግሥቴ ከአውቶቡስ ስትወርድ፣ ወንድሟ ካቡ ላይ ቆሞ ድንጋይ ይቀበላል። መንገዱ ጥግ ላይ ደግሞ ያለ ፈቃድ የሚሠሩ የውጭ አገር ሰዎችን እያደኑ የሚይዙት ተቆጣጣሪዎች መኪና ቆሟል። እየሮጠች ተጠጋች።

«ይሄይስ! ውረድ ከዚያ!»

«ምን ያስጮህሻል? ደቦ ነው እኮ!» አለ ጸጋይ እየሳቀ።

«ደቦን ለእነዚያ ንገራቸው!»

ተቆጣጣሪው ደርሶ ጸጋይን በዕብራይስጥ «ስንት ትከፍለዋለህ?» አለው።

«የምን ክፍያ? ምሳውን አበላዋለሁ፣ ሲመሽ ቢራ እጋብዘዋለሁ» አለ ጸጋይ፣ የረዳ መስሎት።

«ምሳም ክፍያ ነው።»

ንግሥቴ መሀል ገባች። «ወንድሜ ነው፤ ለጥየቃ የመጣ ቱሪስት ነው። እኛ አገር የጎረቤት ካብ ተንዶ ቆሞ ማየት ነውር ነው።»

ሰውዬው ፓስፖርቱን አገላበጠ። ጭቃ የለበሰውን ይሄይስን ከላይ እስከ ታች አየው። «ዛሬን ልለፈው። ሁለተኛ ካገኘሁት ግን ወደ አገሩ ይሄዳል።»

እቤት ሲገቡ ይሄይስ እጁን እንኳ ሳይታጠብ «የመመለሻ ቀኔን አሳጥሪልኝ» አላት። «ቁጭ ማለቱን አልቻልሁበትም፤ ብሠራ ደግሞ እምዬን አስከለክላታለሁ።»

ንግሥቴ ልቧን ቅልል አላት። ወዲያው አፈረች፤ ስንት ዓመት የናፈቀችው ሰው መሄድ ነው እንዲህ ያቀለላት።

«አትሄድም፤ አብሬህ እውላለሁ» አለች። ስልኳን አንስታ ለአለቃዋ ደወለች፣ ለዓመታት ሳትወስደው የተጠራቀመውን የዕረፍት ፈቃዷን በሙሉ ጠየቀች።

በማግስቱ ባሕሩ ዳር አንድ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ይሄይስ ማዕበሉን ያያል። ንግሥቴ ግን እግሯ አላርፍ አላት፤ ቦርሳዋን ከፈተች፣ ዘጋች።

«እነዚያን አሮጊቶች አሁን ማን ይሆን የሚያጥባቸው?» አለች።

ይሄይስ ዞር ብሎ አያት። «እታለም፣ እኔን ከሥራ አንቺ ትጠብቂኛለሽ፤ አንቺን ማን ይጠብቅሽ?»