ጥርሷ ሙሉ ነው

የእህቴን ባል ገበያ ውስጥ የሚያውቁት ሁሉ «መቀስ» ይሉት ነበር። በመቀስ ሠርቶ ግን አያውቅም፤ የሥራ ዕቃው ጥፍር መቁረጫ ነበረች። ሎሪስ የምትባለውን ዓይነ ትልቅ የጫካ እንስሳ ማጅራቷን ይዞ፣ አፏን በአውራ ጣቱ ከፍቶ፣ የፊት ጥርሶቿን ቀጭ ቀጭ ያደርጋቸዋል። ማደንዘዣ የለ፣ ምን የለ። ሲጨርስ ደሟን በጨርቅ ጠርጎ ለነጋዴው ያቀብላል፤ ነጋዴውም የልጆች መጫወቻ ትሁን ብሎ ይሸጣታል።

ጥርሷ የሚቆረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። መርዝ ሲባል ሰው የሚያስበው እባብ ነው። ጡት አጥብታ የምታሳድግ፣ ጸጉሯ የለሰለሰ እንስሳ መርዝ አላት ብሎ ማን ይጠረጥራል? ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ሎሪስ ስትፈራ ሁለት እጆቿን ሽቅብ ትሰቅልና ከክርኗ አጠገብ የሚወጣውን ቅባት ትልሳለች፤ ቅባቱ ከምራቋ ጋር ሲደባለቅ መርዝ ይሆናል። ከዚያ ከነከሰች ቁስሉ በቀላሉ አይድንም፤ ትንፋሽ የሚያጥረውም አለ። እጇን ስትሰቅል ያየ ገዢ ግን «ኮርኩሩኝ እያለች እኮ ነው!» ብሎ ይንከተከታል። ሰው መቼም የሚያስቀው አያጣም።

ገበያውን ፖሊስ ሲዘጋው እንስሳቱ እኔ በጥበቃነት የምሠራበት ማገገሚያ ገቡ። አማቼም ሥራ ፈትቶ ቤት ዋለ። የእህቴ ጭቅጭቅ ሲበዛብኝ እንስሳቱን ወደምታክመው የማገገሚያው ዶክተር ወሰድኩት። ምን ይሠራ እንደነበር ራሱ ነገራት። አሁን ሁለታችንንም ታባርረናለች ብዬ ስጠብቅ፣ እጆቹን ትክ ብላ አየችና፣

«ሳይነከሱ መያዝ ይችላሉ?» አለችው።

«እችላለሁ።»

«እንግዲያው ነገ ይግቡ።»

እንጀራ አገኘ ብዬ ደስ አለኝ፤ ምን እንዳገኘ የገባኝ ቆይቶ ነው። ቆራጭ ሁሉ የየራሱ አቆራረጥ አለው። ዶክተሯ የአንዷን አፍ በከፈተች ቁጥር አማቼ የገዛ እጁን ሥራ ያያል። «ይቺስ?» ትለዋለች። «የኔ ናት» ይላል። በኋላ መጠየቋን ተወችው። ጥርስ የሌላት ሎሪስ ጫካ አትመለስም፤ የዛፍ ቅርፊት ፍቃ ሙጫ መብላትም ሆነ ራሷን መከላከል አትችልም። ስለዚህ ሁሉም እዚያው ሽቦ ውስጥ ያረጃሉ። የሌሊት እንስሳት ስለሆኑ መስኮቱ በጥቁር መጋረጃ ተሸፍኗል፤ እሱም ቀኑን ሙሉ በቀይ አምፖል ሥር ኩሳቸውን ሲጠርግ ይውላል። እህቴ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ትለው ነበር። ክፉ ናት፤ ግን አልተሳሳተችም።

አንድ ጠዋት በጫማ ካርቶን ውስጥ አንዲት ግልገል መጣች። ለመሞት ትንሽ የቀራት፣ አንጀት የምትበላ ነገር። አፏን እንዳየ አማቼ ወደ ጥበቃ ቤቴ እየሮጠ መጣ። ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

«ጥርሷ ሙሉ ነው!» አለኝ፤ ልጅ እንደተወለደለት ሰው። «ይቺን፣ ይቺን አንዷን እንኳ ጫካዋ ልመልሳት።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ስሟንም «እሜቴ» አላት። ግልገሏ እስክታገግም ብቻ በእጁ እንዲመግባት ዶክተሯ ፈቀደችለት። ከዚያ በኋላ ጓንትና ጭንብል፣ ዝምታ፣ ምግቡንም እንጨት ስንጥቅ ውስጥ መደበቅ ነው ሕጉ፤ ሰው የማትፈራ እንስሳ ጫካ አትለቀቅም። እሜቴ አገገመች። አማቼ ግን ዞር ዞር ብሎ ያይና ጓንቱን አውልቆ የአበባ ወለላ በጣቱ ያስልሳታል። አንድ ቀን ደረስኩበት።

«ጋሼ፣ ኧረ ተው! ዶክተሯ ታይሃለች።»

«ትንሽ ትበርታ ብዬ እኮ ነው። ጫካ ስትገባ ማን ይሰጣታል?»

ለዶክተሯ ሳልናገር ወደ ጥበቃዬ ተመለስኩ። ያ ዝምታዬ ዛሬም ይቆጨኛል።

የመፈተኛዋ ቀን መኪናውን ነዳጅ ሞልቼ፣ የመጓጓዣ ሣጥኗን ከኋላ ጭኜ ጠበቅኩ። ፈተናው ቀላል ነው፤ እጅ ሲገባባት ከነከሰች ጫካ ትሄዳለች። ዶክተሯ በጓንት ገባች። እሜቴ ጓንቱን አሸተተችና አቀፈችው።

«ዶክተር፣ አንዴ እኔ ልሞክር። ላስፈራራት» ብሎ ለመነ አማቼ። ፈቀደችለት። ዱላ አንስቶ ሽቦውን እየቀጠቀጠ ጮኸባት። እንስሳቱ ሁሉ ተርበተበቱ፤ እኔም በሩ ላይ ቆሜ ደነገጥኩ። እሜቴ ቅርንጫፏ ላይ ተንቀጠቀጠች። ከዚያ ቀስ ብላ ሁለት እጆቿን ሰቀለች፤ ክርኗንም ላሰች። አማቼ ዱላውን ጣለና ባዶ እጁን አፏ ሥር ሰደደ።

«ንከሺኝ! ንከሺኝ እንጂ፣ አንቺ!»

ጣቱን ጨበጠች። በክንዱ ላይ እየተሳበች ወጥታ እጅጌው ውስጥ ገባችና ተሸሸገች። የምትሸሸው እሱን ነበር፤ የሸሸችውም ወደ እሱ።

ዶክተሯ ጭንብሏን አወለቀች። «ይበቃል ጋሼ። ከሌሎቹ ጋር ትግባ።»

እጅጌውን በሌላው እጁ ደገፈ።

«ዶክተር» አለ፣ «ሌላ ሰው ቢያሳድጋት ኖሮስ?»

ዶክተሯ መዋሸት አታውቅበትም።

«ዛሬ ትሄድ ነበር» አለችው።