በእህቴ ራስጌ የሚያልፈው ቧንቧ

ጎረቤት ውሃ በደፋ ቁጥር ከተቀመጣችሁበት ብድግ ብላችሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ከላይ አንድ ነገር ጓ ይላል፤ ከዚያ ግድግዳው ውስጥ እየተንደቀደቀ ይወርዳል፤ እናንተም የያዛችሁትን ትታችሁ ወለሉን ታያላችሁ። ወለሉ ደረቅ ነው። ትቀመጣላችሁ። ትንሽ ቆይቶ ሌላው ፎቅ ይደፋል። እኔ ከገና እስከ ፋሲካ የኖርኩት እንዲህ ነው፤ እህቴ ደግሞ ከእኔ በባሰ ሁኔታ።

የምንኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ፣ መንገዱ ወደ እንጦጦ መውጣት በሚጀምርበት ዳገት ላይ ባለ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ቤቱ የታላቅ እህቴ ነው፤ ግራውንድ ላይ በዕጣ የደረሳት ስቱዲዮ። ባሏ ከላምበረት ወደ ሰሜን የሚሄድ አውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ቤቱ የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። እኔም የማስተምርበት ትምህርት ቤት ቅርብ በመሆኑ ከእሷ ጋር ገባሁ። ስቱዲዮ ውስጥ አልጋ የሚዘረጋበት ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የእኛ ደግሞ ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ነው። ከግድግዳው ወዲያ፣ ልክ በራስጌው በኩል፣ ከአራተኛ ፎቅ ጀምሮ የሁሉንም ቤት ፍሳሽ ሰብስቦ የሚያወርደው ዋናው ቧንቧ ያልፋል።

የሳይንስ መምህርት ነኝ፤ ነገር ማስረዳት ስለምወድ ታገሡኝ። ያ ቧንቧ ፕላስቲክ ነበር። ፕላስቲክ ቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ቢወርድበት ለብዙ ዘመን ያገለግላል። የፈላ ውሃ ግን ያለሰልሰዋል። ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ ይህ ሲደጋገም አንዱን ቧንቧ ከሌላው ያያያዘው ማስቲሽ ይላቀቃል። የፈላ ውሃ በብዛት የሚደፋው መቼ ነው? በበዓል ዋዜማ። ግቢያችን ውስጥ ለእርድ ተብሎ የተሠራ የጋራ ቤት አለ፤ ነገር ግን ብሎኬትና አሮጌ በር ተከማችቶበት ከተቆለፈ ቆይቷል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ዶሮውን በየመታጠቢያ ቤቱ በፈላ ውሃ ይነክርና ላባውን ይነጫል፤ ውሃውንም ከነስቡ እዚያው ይደፋዋል። አምስት ወለል፣ ሁሉም በተመሳሳይ ሰዓት።

የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ቧንቧው በእኛ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከማያያዣው ተከፈተ። እኔ ሱቅ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ላባ የተንሳፈፈበት ውሃ ከአልጋው ሥር ደርሷል፤ እህቴም ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። ልታየው ስትሄድ አንሸራትቷት ነው። ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ መረመሯትና ፅንሱ ደህና ነው አሉን። የሰፈራችን ቧንቧ ሠራተኛ በማግስቱ መጥቶ መልሶ አጣበቀው።

«ቲቸር፣ ይሄ ቧንቧ በዓል ያከብራል» አለኝ እየሳቀ። «አዘቦት ቀን ምንም አይል። እንቁጣጣሽም እንዲሁ አድርጎኛል፣ እኔ ነኝ ያጣበቅኩት።»

«ፋሲካስ?»

«እሱን ለፋሲካ እንጠይቀዋለን።»

እህቴ አልሳቀችም።

ልጅቷ በጾሙ መግቢያ ላይ በሰላም ተወለደች። ጎረቤቶች ከየፎቁ ገንፎ ይዘው ወረዱ፤ የፈላ ውሃም ቧንቧው መላ እስኪያገኝ ውጭ ካለው ቦይ እየደፋን እንቆያለን አሉ። እህቴ ግን እንቅልፍ አጣች። ከላይ አንድ ባልዲ በተደፋ ቁጥር ትባንንና ሕፃኗን አንስታ ታቅፋለች። ከዚያ ቧንቧው ጸጥ እስኪል ትጠብቃለች፤ ጸጥ ሲል ደግሞ ሌላው ይደፋል። ቀስ በቀስ ጡቷ መድረቅ ጀመረ። ለክትባት ስንሄድ ነርሷ ሕፃኗን መዝና ፊቷን ቅጭም አደረገች፤ ወደ እህቴ ዞራም «ምግብሽ ጥሩ ነው፤ እንቅልፍ ነው የሌለሽ። ካልተኛሽ ወተቱ አይመጣም» አለቻት። ወደ ቤት ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እህቴ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገረች። «እዛ ቤት ውስጥ ፋሲካን አላሳልፍም» አለች። የት እንደምትሄድ ግን እሷም አላወቀችም፤ እኔም አላወቅኩም።

በዚያው ሳምንት ከትምህርት በኋላ ሲግናል አካባቢ ያሉ የሕንፃ መሣሪያ ሱቆችን መዞር ጀመርኩ። የምፈልገው የፈላ ውሃ የማይበግረው ቧንቧ ነበር። አንድ ነጋዴ ጥግ የቆመ ቀይ ቡናማ ቧንቧ አሳየኝ። ካስት አይረን ይሉታል፤ ብረት ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ እየፈሰሰ የሚሠራ ነው። በጣቴ ውስጡን ዳሰስኩት፤ እንደ ሲኒ ለስልሷል። ውስጡም ውጪውም ልባስ ተቀብቷል። ላነሳው ሞከርኩ፤ ነቅነቅ አላለም። ነጋዴው «ረጃጅም ሕንፃ የሚሠሩ ናቸው የሚወስዱት» አለኝና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የብሎካችን ነዋሪዎች ደረጃው ሥር ተሰበሰቡ። ሰብሳቢያችን ጡረታ የወጡ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው፤ ረጋ ብለው የሚናገሩ፣ ቶሎ የማይሸነፉ።

«ልጄ፣ ብረት እኮ ይዝጋል» አሉኝ። «ፕላስቲክ የመጣው ከዝገት ሊያድነን አይደለም እንዴ?»

«ልክ ነዎት ጋሼ፤ ራቁቱን ከሆነ ይዝጋል» አልኩና አበባ የተሳለባትን የብረት ሳህን ከቦርሳዬ አወጣሁ። የአንደኛ ፎቋ ወጣት ጎረቤቴ «ቲቸር፣ ፈተናም አለው?» ስትል ሁሉም ሳቁ። ሳህኗን አዞርኩላቸው። ጠርዟ ላይ የተላጠችበት ቦታ ዝጓል፤ ሌላው እንዳለ ነው። «ብረቱን የሚጠብቀው ልባሱ ነው። ቧንቧው ተቆርጦ የተራቆተበት ጫፍ እንደገና ከተቀባ ዝገት መግቢያ አያገኝም። ልባሱ ለስላሳ ስለሆነ ስብም ቶሎ አይዝበትም።» ከዚያ ቀጠልኩ፤ ስጀምር ማቆም ይቸግረኛል። ብረቱ ከባድ በመሆኑ የውሃውን ድምፅ እንደሚያፍን፣ ሲሞቅ እንደ ፕላስቲክ እንደማይለጠጥ፣ አንድ ቤት እሳት ቢነሳ ቀልጦ ለነበልባሉ ወደ ላይ መውጫ እንደማይከፍትለት ነገርኳቸው። ክብደቱ ጣጣ እንዳለውም አልደበቅኩም፤ በየወለሉ ጠንካራ ማሰሪያ ይፈልጋል።

የአራተኛ ፎቋ እማማ ወደ ሳህኗ ጠጋ አሉ። «የፈላ ውሃ ይችላል ነው የምትይው?» ብለው ጠየቁኝ።

«ይችላል እማማ።»

«በቃ፣ ለእኔ ሌላ አታስረጂኝ።»

ሰብሳቢያችን ሳህኗን ብዙ ጊዜ አገላብጠው ካዩ በኋላ ተስማሙ። መዋጮ ተሰበሰበ፤ ቧንቧው ተገዛ። የጫነው አይሱዙ መኪና ዳገቱ ላይ ሲደርስ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች ከበቡት።

«ይሄ ቧንቧ ነው መድፍ?» አለ አንደኛው ትከሻውን እያሸ።

«አራስ ቤት ነው የሚገባው» አልኩት።

«አራሷ ልትዋጋ ነው?»

እህቴ በመስኮት ሰምታ ፈገግ አለች። ከወለደች ወዲህ እንዲያ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ቧንቧ ሠራተኛው አሮጌውን አውርዶ ብረቱን ከታች ወደ ላይ እየደረደረ በጎማና በብረት ማሰሪያ አያያዘው። የተቆረጠውን ጫፍ ሁሉ እንዲቀባ አጠገቡ ቆሜ ነዘነዝኩት። «ጥፍር ቀለም ልቀባለት ነው በይኛ» እያለ ቀባው። ሥራው ሲያልቅ ከላይ ውሃ አስደፋን። ቀድሞ ይንደቀደቅ የነበረው አሁን ሩቅ ያለ ሰው የሚያጉረመርም ይመስላል። እኔ ደስ አለኝ። እህቴ ግን በዚያ ሌሊትም አልተኛችም።

«በፊት ሲመጣ እሰማው ነበር» አለችኝ ጠዋት። «አሁን ድምፅ ከሌለው መምጣቱን በምን አውቃለሁ?»

ሄጄ ወለሉ ደረቅ መሆኑን አይቼ ነገርኳት።

ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ እማማን ደረጃው ላይ አገኘኋቸው። የታሰረ ዶሮ አንጠልጥለው እያረፉ ይወጣሉ። ተቀብያቸው ላግዛቸው ስል «እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉኝ። «ዘንድሮ ባልዲ ተሸክሜ ቦይ ድረስ መውረድ ቀረልኝ። ብረት አስገብተሽልናል፣ እንደልባችን ነው።»

ዶሮውን በራቸው ላይ አድርሼ ስወርድ ነው ነገሩ የገባኝ። የቀየርነው ዋናውን ቧንቧ ብቻ ነው። ከየቤቱ መታጠቢያ ተነስቶ ዋናው ውስጥ የሚገባው አጭር ክንድ አሁንም ፕላስቲክ ነው። የአንደኛ ፎቅ ክንድ ደግሞ የሚያልፈው በእኛ መታጠቢያ ቤት ጣሪያ ሥር ነው። ይህን በስብሰባው ላይ አላስረዳሁም። ብረት የፈላ ውሃ ይችላል ብያለሁ፤ ሰው ሁሉ የሰማው ይህንን ነው። ቦዩ እንደሆነ ጭር ብሏል፤ ከየቤቱ ግን የላባ ሽታ መጥቷል።

የአንደኛ ፎቋን በር አንኳኳሁ። እጅጌዋን ሰብስባ፣ ጣቶቿ ላይ ላባ እንደተጣበቀ ከፈተችልኝ።

«እንዳትደፊው» አልኳት።

«ምኑን?»

«ውሃውን። ቀዝቃዛ ጨምሪበትና ነው የምትደፊው።»

«ብረት ነው አላልሽም እንዴ?»

«ዋናው ነው ብረት። ካንቺ የሚነሳው ፕላስቲክ ነው፤ በእህቴ ጣሪያ ላይ ነው ያለው።»

ወደ ባልዲው ዞር ብላ አየች። «ቀዝቃዛ ከየት ላምጣ? ውሃ ከጠዋት ጀምሮ የለም። ጀሪካን ያለው ለወጡ ነው» አለችኝ። ረስቼው ነበር፤ በእኛም ቤት የመጠጥ ውሃው ጠፍቷል።

«እንግዲያው ባልዲው ውስጥ ይቆይ። እጅሽን ስትነክሪበት የማያቃጥል ሲሆን ድፊው።»

«ይቆያል» አለች፤ ባልዲውንም አይቼው እንድሄድ ወደ መሐል ጎተተችው።

ወደ ላይ ወጣሁ። በየበሩ ያንኑ ደገምኩ። የሁለተኛ ፎቁ ሰውዬ «ቲቸር፣ ትምህርት ዝግ ነው ዛሬ» ብሎ ቢቀልድም ድስቱን መሬት አስቀመጠው። የሦስተኛ ፎቆቹ ገና አላፈሉም። አራተኛ ፎቅ ስደርስ እማማ እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ ወጡ።

«ደፉት?»

«አሁን ደፋሁት፣ እየፈላ። ምነው ልጄ?»

ሳልመልስላቸው ሮጥኩ። የእሳቸው ክንድ ቢላቀቅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደሚፈስ አውቃለሁ፤ ግን ያን ጊዜ የታየኝ የእኛ ወለል ብቻ ነው። በሩን ከፈትኩና በቀጥታ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። መዳፌን ብረቱ ላይ አሳረፍኩ፤ ትኩስ ስለነበር ወዲያው አነሳሁት። በፎጣ ይዤ እንደገና ነካሁት። ቀጥ እንዳለ ነው፤ አልተንቀሳቀሰም። ማያያዣውን ዙሪያውን ዳሰስኩት፤ ደረቅ ነው። ቀና ብዬ ጣሪያው ሥር ያለውን ፕላስቲክ አየሁ፤ እሱም ደረቅ ነው። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ በእጄ ዳበስኩት። ከዚያ ነው እህቴ እስካሁን «ምንድን ነው?» ብላ እንዳልጠየቀችኝ ያስተዋልኩት።

ወጥቼ አልጋውን አየሁ። ራሷን ግድግዳው ሥር አድርጋ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። ሕፃኗ ብብቷ ሥር ነቅታ በዓይኗ ጣሪያውን ትቃኛለች፤ አላለቀሰችም። የእማማ ውሃ በራስጌዋ በኩል ሲያልፍ አልሰማችውም። ወንበር ስቤ በመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይቶ ከአንደኛ ፎቅ ተደፋ፤ ዓይኔን ከፕላስቲኩ ክንድ ላይ አልነቀልኩም። ማጉረምረሙ መጥቶ አለፈ። እህቴ ተገላብጣ እንቅልፏን ቀጠለች።

ስትነቃ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ደፉ እንዴ?» ብላ ነው።

«ሁሉም ደፍተዋል።»

አላመነችኝም። በባዶ እግሯ ሄዳ ወለሉን በውስጥ እግሯ እየዳበሰች አየችው፤ ተመልሳም ሕፃኗን ጡት አስያዘቻት። «ትንሽ መጣ መሰለኝ» አለች፣ ስለ ወተቱ ነው። እኔ ግን አሁንም ያንን የፕላስቲክ ክንድ ሳላይ አልተኛም፤ እሱንም ካልቀየርን ብዬ ሰብሳቢያችንን መነዝነዝ ጀምሬያለሁ።

ፎቅ ላይ የምትኖሩ ከሆነ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚመጣው በዓል ዋዜማ የፈላውን ውሃ ከመድፋታችሁ በፊት ወደ ታች ውረዱ። ግራውንድ ያለውን በር አንኳኩ፤ አስፈቅዳችሁ መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ቁሙና ከላይ ሌላ ሰው እስኪደፋ ጠብቁ። ሲወርድ ቧንቧውን በጨርቅ ይዛችሁ ዳስሱት፤ ይለሰልስ እንደሆነ፣ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ ማያያዣው ያንጠባጥብ እንደሆነ እዩ። የዚያን ቤት ሰውም አልጋው የት እንደሆነ ጠይቁት። ከዚያ ወደ ላይ ተመለሱና በባልዲያችሁ ውስጥ ያለው ውሃ እስኪበርድ ታገሡ። እባካችሁ፣ አንድ ጊዜ ሞክሩት።