አራት ሺህ ስም የገለበጥኩበት ቀን

ይህን ነገር እስካለፈው ቅዳሜ ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩም፤ እናቴም ሳትሰማው ሞተች። ለእናንተ ስናገር ደግሞ አንድ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። ጥፋቴን ባስታወስኩ ቁጥር ደስታዬም አብሮ ይመጣብኛል። ሁለቱን መለየት አልቻልኩም፤ ሰምታችሁ ፍረዱ።

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ በነበረ አንድ የእርሻ ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት እሠራ ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከቀበና ዳገቱን በእግሬ እየወጣሁ እገባለሁ። በክፍሉ ውስጥ ሁለት ብቻ ነበርን፤ እኔና ጋሽ ወርቁ። ጋሽ ወርቁ ስለ አገሪቱ እርሻና ከብት የተጻፈውን ጥናት ሁሉ ለዓመታት በካርድ ሲመዘግቡ የኖሩ፣ ረጋ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። በእርዳታ ኮምፒውተር ሲመጣልን ካርዶቹን በላቲን ፊደል አንድ ፋይል ውስጥ አስገባናቸው። አራት ሺህ ያህል ጥናት ነው፤ እያንዳንዱም የጸሐፊው ስም አለበት።

ዝርዝሩ በመጽሐፍ ሊታተም ሲል አሳታሚዎቹ የጸሐፊ ስም ተገልብጦ እንዲጻፍ ጠየቁ፤ የቤተሰብ ስም ይቀድማል፣ ከኮማ በኋላ የራስ ስም ይከተላል። ጋሽ ወርቁ ይህ ለፈረንጅ ብቻ እንዲሆን ተከራክረው አሳመኑ፤ ሐበሻ በአባቱ ስም አይጠራም ብለው። ከዚያ ተቀምጠው የፈረንጁን ስም አንድ በአንድ በእጃቸው ይገለብጡ ጀመር። በቀን ሠላሳ፣ ቢበዛ አርባ።

እኔ ግን ከማሽኑ ጋር የመጣውን መመሪያ አንብቤ አንድ ተአምር አግኝቻለሁ። የተወሰነ ቃል ሳይሆን የጽሑፍን መልክ የሚፈልግ ትእዛዝ ነው። «በጸሐፊው መስመር ላይ ሁለት ቃላት ጎን ለጎን ባገኘህበት ሁሉ፣ ሁለተኛውን አስቀድም፣ ኮማ አድርግ፣ የመጀመሪያውን አስከትል» ማለት ይቻላል፤ ያውም ቅንፍ፣ ነጥብና ኮከብ በሞላባት በአንዲት መስመር። የእሳቸው የወራት ሥራ በእኔ አንዲት መስመር!

አንድ ቀን እሳቸው ለምሳ ሲወጡ መስመሯን ጻፍኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ማሽኑ ትንሽ አጓራና ዝም አለ። የፋይሉን መጀመሪያ አየሁ፤ የፈረንጆቹ ስም እንደ ወታደር ተሰልፏል። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ወደ ታች ወርጄ አየሁ? አላየሁም። ስለ ሐበሻው ስም አሰብኩ? አላሰብኩም። በአሮጌው ፋይል ላይ አስቀመጥኩት፤ በዲስኬት የያዝነውን ቅጂም በአዲሱ ተካሁት። ዋና ሥራ አስኪያጁ ባሉበት ላስደንቃቸው ብዬ ለጋሽ ወርቁ ሳልነግራቸው ቀረሁ። እሳቸው ከምሳ ተመልሰው ከፋይሉ ጫፍ ላይ ሦስት አዲስ ካርድ በማሽኑ ጻፉ፤ በማሽኑ ተጠቃሚዎች መዝገብ ላይ ፈርመው ወጡ። በማግስቱ ጠዋት፣ እኔ ሳልገባ፣ ሥራ አስኪያጁ ፋይሉን በወረቀት አሳትመው ለበላይ ኃላፊ ወሰዱት።

ሐበሻው ሁሉ በአባቱ ስም ተጠርቷል። ይባስ ብሎ ገብረ ማርያም የነበረው ለሁለት ተቆርጦ፣ ማርያም የፍየል በሽታ ጥናት ጸሐፊ ሆናለች። የገብስ ጥናቱ በክርስቶስ ስም ተመዝግቧል። የበላይ ኃላፊው ራሳቸው ገብረ ሥላሴ ደምሴ ነበሩ፤ የገዛ ጽሑፋቸውን «ሥላሴ፣ ገብረ ደምሴ» ተብሎ አገኙት። ሆን ተብሎ የተሠራ ፌዝ መሰላቸውና «አሻጥር» የምትል ቃል ተናገሩ። ያቺ ቃል በዚያን ጊዜ ሰው የምትበላ ቃል ነበረች።

ስብሰባ ተጠራን። መዝገቡ ተገለጠ፤ በመጨረሻ ማሽኑ ላይ የተቀመጡት ጋሽ ወርቁ ናቸው። ጋሽ ወርቁ እጃቸውን አገላብጠው ካዩ በኋላ፣ ምናልባት የማላውቀውን ቁልፍ ነክቼ ይሆናል አሉ። እኔ በሁለት ወንበር ርቀት ላይ ነበርኩ። አፍ አልነበረኝም? ነበረኝ። እኔ ነኝ ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? ዝም አልኩ። የሙስሊም ልጅ ስለሆንኩ ገብረና ወልደ ከተከታያቸው ቃል እንደማይቆረጡ አላውቅም ነበር ብዬ ለራሴ ልዋሽም ሞክሬአለሁ። ጎረቤቶቼ ሁሉ ገብረና ወልደ ነበሩ።

እሳቸውን ከጋራዡ ጀርባ ወዳለው የመለዋወጫ መጋዘን አዛወሯቸው። ጉዳዩ ገና እየተጣራ ነው፣ ከዚህም የባሰ ሊመጣ ይችላል ተባለ።

እኔ ፋይሉን አስተካክላለሁ ብዬ ተነሣሁ። ሁሉንም መልሼ ብገለብጠው ትክክል የሆነው ፈረንጅም አብሮ ይበላሻል፤ ሐበሻውን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ያንን ደግሞ የሚያውቅ ሰው አንድ ብቻ ነው። የካርድ ሳጥኖቹን ተሸክሜ መጋዘን ወረድኩ። ጋሽ ወርቁ በጎማ ክምር መካከል ተቀምጠው ለእኔ ስም አነበቡልኝ። ለእሳቸው ብዬ የምለፋ መስሏቸው ይመርቁኝ ነበር። «ገብረ ብቻውን ስም አይደለም፣ ልጄ ዘሃራ» አሉኝ። «የማን ገብር፣ የማን አገልጋይ እንደሆነ ካልተነገረ አይቆምም።» ያንን ወስጄ በትእዛዜ ውስጥ አስገባሁት፤ ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ተክለ ከተከታያቸው ቃል እንዳይለዩ አደረግሁ። ሦስት ሳምንት ሠራን። በዚህ ጊዜ መጀመሪያ በቅጂ ላይ ሞከርኩ።

የመጨረሻዋን መስመር የጫንኩበትን ቀን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከላይ እስከ ታች፣ አራት ሺውን ሁሉ፣ አንድ በአንድ አየሁ። ሰው ሁሉ በራሱ ስም ቆሟል። ማርያም ከፍየሎቹ ተገላግላለች። በጭቃው ውስጥ እየሮጥኩ መጋዘን ገባሁና አለቀ አልኳቸው፤ እጄን ይዘው አለቀሱ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬም ደስ ይለኛል፤ ይህን መደበቅ ሌላ ውሸት ይሆንብኛል።

መጽሐፉ ታተመ። ምርመራው ተዘጋ። ጋሽ ወርቁ ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ፤ ሥራ አስኪያጁም በስብሰባ ላይ ለጋሽ ወርቁ ይቅርታ እንደተደረገላቸው ተናገሩ። ይቅርታ፣ ላላጠፉት ጥፋት! ለእኔ የምስጋና ደብዳቤ ተሰጠኝ። ጋሽ ወርቁ ቆመው «ይህች ልጅ ናት ያወጣችኝ» አሉ። አንገቴን ደፋሁ፤ ሰው ትሕትና መሰለው። እሳቸው ከዚያ ወዲህ ማሽኑን በጣታቸው ነክተው አያውቁም።

ዓመታት አለፉ። ባለፈው ቅዳሜ ቀበና ቤታቸው ሄድኩ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው። ልጃቸው፣ አባቷ እስከ ዛሬ የባንክ ወረቀት እንኳ ራሳቸው እንደማይሞሉ፣ «እጄ አይታመንም» እንደሚሉ ነገረችኝ። ከዚያ በላይ መደበቅ አልቻልኩም። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የምሳውን ሰዓት፣ መስመሯን፣ ስብሰባውን፣ ዝምታዬን።

ወረቀት አስመጥተው መስመሯን አጻፉኝ። መነጽራቸውን አድርገው፣ እያንዳንዱ ምልክት ምን እንደሚል እየጠየቁ ረጅም ጊዜ አዩአት። ለምን ይህን ያህል ቆየሽ ብለው ጠየቁኝ። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ ጊዜው ክፉ ነበር አልልም። ይቅር ይበሉኝም አላልኳቸውም፤ እንደማይነፍጉኝ ስለማውቅ በርካሽ ልወስደው አልፈለግሁም።

በመጨረሻ ወረቀቱን አስቀመጡና ቀና ብለው አዩኝ።

«እንግዲያው እጄ ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር፣ ጋሽ ወርቁ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ተመለከቱ። ከዚያ ልጃቸውን ጠርተው ብዕር እንድታመጣላቸው አዘዟት።