አስተርጓሚው ያልተረጎመው

ነቀምቴ ላይ ድሮ የአውራጃ ፍርድ ቤት የነበረውን አሮጌ ቤት ቅርስ ነው ብለው ማደስ ጀምረዋል። ሰፊ በረንዳ አለው፤ ቆርቆሮው ዝጓል፤ ከጀርባው ደግሞ ተከሳሾች ተራቸውን ይጠብቁባት የነበረች ባለ ብረት መስኮት ክፍል አለች። ቀቢዎቹ እሷንም ክሬም ቀለም ቀቧት። ሳያት ተናደድኩ። ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰባትን ክፍል የሙሽራ ቤት አስመሰሏት።

አባቴ እዚያ ቤት አስተርጓሚ ነበር። ችሎቱ በአማርኛ ነው፤ አብዛኛው ባለጉዳይ የሚያውቀው ኦሮምኛ ብቻ ነው፤ መሃል ላይ አባቴ ይቆማል። ጡረታ ከወጣም በኋላ "ጨምሬም ቀንሼም አላውቅም" እያለ ይኮራ ነበር። ቤት ውስጥም ከራሱ አንድ ነገር አይናገርም። እናታችን ወጡ እንዴት ነው ብትለው እንኳ የእኛን አስተያየት ነው የሚነግራት እያልን እንስቅበት ነበር።

እድሳቱን የሚመሩት ሰዎች ቤቱን የሚያውቅ ሽማግሌ ሲፈልጉ እሱን ጠሩት፤ ደግፌ ወሰድኩት። በረንዳው ላይ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ቆማ ትጠብቀን ነበር። የድሮው አስተርጓሚ ይመጣል ሲባል ሰምታ ከአንገር ጉቲን ነው የመጣችው። ያ መንገድ በዚህ ዘመን ምን እንደሚመስል የሄደበት ያውቀዋል።

"አካም ጂርቱ፣ አባ?" ብላ ጎንበስ አለችና እጁን ሳመች።

የመጣችው ስለ አባቷ ልትጠይቅ ነው። በደርግ ጊዜ በድንበር ጠብ ሰው ገድለሃል ተብሎ እዚህ ቤት ተፈርዶበት፣ ከእስር ሳይወጣ ሞቷል። እሷ ያኔ ገና በእናቷ ሆድ ነበረች። መዝገቡ ላይ፣ የመጨረሻ ቃልህን ስጥ ሲባል "የምጨምረው የለም" አለ ተብሎ ተጽፏል። ችሎቱን የተከታተለ ጎረቤታቸው ግን ብዙ ተናግሮ ነበር ብሏታል።

"ምን ነበር ያለው?" አለችው።

አባቴ ዳኛው ይቀመጡበት ወደነበረው ጥግ ዞረ። ረስቶታል ብዬ ነበር። አልረሳም።

"ለዳኛው አልነበረም የተናገረው" አላት በኦሮምኛ። "ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ እናትሽ ውጭ የቆመች መስሎት። ሴት ከወለድሽ እንዲህ ብለሽ ጥሪያት ብሎ ስም ነገራት። ዳኛው ምን አለ ሲሉኝ፣ ይሄ ለችሎት የሚሆን ነገር አይደለም ብዬ፣ የሚጨምረው የለም አልኳቸው።"

ጨምሬም ቀንሼም አላውቅም ሲል የኖረው ሰውዬ! አፈርኩበት ይሁን አዘንኩለት እስካሁን አልለየሁትም።

"እናቴ የዚያን ቀን አልመጣችም" አለች ሴትየዋ። "እግሯ አብጦ ቤት ቀርታ ነበር።" ከዚያ ወደ አባቴ ጠጋ ብላ፣ "ማን ብሎ ነው የሰየመኝ?" አለችው።

አባቴ ያን ቀን ሰውየው የለበሰውን ካፖርት ነገራት፤ አጠገቡ የቆመውን ፖሊስ ጢም ነገራት። ስሙ ግን ጠፋው። ግንባሩን በመዳፉ እየመታ ፈለገው፤ አልመጣለትም።

ያኔ ስሞች መጥራት ጀመረች። በአገሯ ለሴት ልጅ የሚወጣ ስም የቀራት አይመስለኝም። አንዱን ትጠራና አይን አይኑን ታየዋለች፤ አባቴ ራሱን እየነቀነቀ አይደለም ይላታል፤ ሌላ ትጠራለች። ቀቢዎቹ ሥራቸውን ትተው ያዩናል። በቃ ተዪው ልላት ፈለግኩ፤ አንጀቴ እምቢ አለኝ። ድምጿ እየሰለለ ሄዶ ሊጠፋ ሲል አባቴ እጁን አነሳ።

"እሱ ነው" አላት። "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እሱ ነው።"

ጉልበቱ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ከዚያ ስሙን ለራሷ እየደጋገመች ወደ መናኸሪያው ወረደች። እዚህ አልጽፈውም፤ የእሷ ነው።

በባጃጅ ስንመለስ አላስችል አለኝ። "እውነት እሱ ነበር?" አልኩት።



"አላውቅም" አለኝ። "ሁለቴ የጠራችው ግን እሱን ብቻ ነው።"