የጋሽ ወልዴ ጥፋት የመሰለን ጓርኒሲዮን

ዛሬ የመሥሪያ ቤታችን አሮጌ ፒካፕ ከሺሺንዳ ስንመለስ ያን ዳገት ሞተሯ ሳይጠፋ ወጣች! እኔ ከኋላ ተቀምጬ አጨበጨብኩ።

ወራት ሙሉ እዚያው ዳገት ላይ ቀጥ ትል ነበር። ሹፌራችን ጋሽ ወልዴ ይወርዱና ካርቡራቶሩን በእርጥብ ጨርቅ ያቀዘቅዛሉ። ውሃውን በጀሪካን የሚያመጡልን ቤታቸው መንገድ ዳር የሆነው እትዬ አስካለ ናቸው። (በዚያ ሁሉ ውሃ ስንት የቡና ችግኝ ይጸድቅ ነበር!)

እኛ ደግሞ ለአንድ ለአምስት ስብሰባ በዘገየን ቁጥር "ጋሽ ወልዴ አርጅተዋል፣ መንዳት አቅቷቸዋል" ስንል ከረምን። እኔም ብያለሁ።

ትናንት ቦንጋ ላይ አንድ መካኒክ ካርቡራቶሩን ፈታና "ወፍራሙ ጓርኒሲዮን የታል?" አለ። ለካ በካርቡራቶሩና በሞተሩ መሃል ገብቶ ሙቀቱን የሚከለክለው እሱ ኖሯል። ባለፈው የጠገኗት መካኒኮች በስስ ወረቀት ተክተውት፣ ቤንዚኑ እየፈላ ነበር የሚያስቆመን።

ጋሽ ወልዴ ወፍራሙን ከወንበራቸው ሥር አወጡለት። "ትርፍ ነው ብለው ሲሰጡኝ መጣል አላስቻለኝም።"

ዛሬ ታዲያ ዳገቱን እንደጨረስን እትዬ አስካለ ድምፃችንን ሰምተው ጀሪካናቸውን ይዘው ብቅ አሉ። ጋሽ ወልዴ ፍሬን ያዙ።

"ደግሞ ዛሬ ምን ሆነች?"

"ዛሬስ ደህና ናት። ሰላም ሳንልዎት እንዴት እንለፍ ብዬ ነው።"

እትዬ አስካለ ሳቁ። "እንግዲያ ውሃውን እናንተ ጠጡት።"

ጠጣን። ጋሽ ወልዴን ይቅርታ የጠየቅኳቸውም እዚያው ነው።

ጉድለቱ የዕቃ ሆኖ ሰው ያማችሁበት ቀን የለም? እኔ ተናዝዣለሁ፤ እናንተስ?