አሥራ አምስት ደቂቃ ወይስ አንድ ሰዓት

ዳልጮ ሰው አያምንም። በሶዶ መናኸሪያ ስምሪት ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ሲሠራ ያተረፈው ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ከሃላሌ የተነሳ ሚኒባስ አርፍዶ ሲገባ ሹፌሩን ለብቻው፣ ረዳቱን ለብቻው ይጠይቃል። አንዱ ጎማ ፈነዳ፣ ሌላው ጭቃ ያዘን ካለ አለቀ፤ መንገድ ላይ ትርፍ ሰው ሲለቃቅሙ ነው የዋሉት። በዚህ ዘዴ ተሳስቶ አያውቅም፤ ቢያንስ እሱ የሚያወራው እንደዚያ ነው።

ልጁ ብሩክታይት ሲሼልስ ውስጥ ፕራስሊን በምትባል ደሴት ሆቴል ትሠራለች። አገባዋለሁ ያለችው ሚልክያስ የቢጠና ከተማ ልጅ ነው፤ እሱም እዚያው አገር፣ ማሄ በምትባለው ሌላ ደሴት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። አንድ ወር እሷ ትሄዳለች፣ አንድ ወር እሱ ይመጣል። የሚልክያስ ሽማግሌዎች ለእሁድ ቀጠሮ ይዘዋል፤ ሚስቱ ፋንታዬም ቤት ማሰናዳት ጀምራለች። ለዳልጮ ግን ነገሩ አልተዋጠለትም። ያላየው አማች፣ ያላየው አገር፣ ያውም ዙሪያውን ባሕር። ልጄን እያታለላት ቢሆንስ እያለ እንቅልፍ አጣ።

ስለዚህ የሚያውቀውን አደረገ። ሐሙስ ለብሩክታይት ደውሎ፣ እንደ ዋዛ፣ ከደሴት ደሴት መንገዱ ስንት ይፈጃል አላት። አርባ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአውሮፕላን አሥራ አምስት ደቂቃ፣ ቀበቶ ታስሮ ሳያልቅ ነው የሚወረደው አለችው። አርብ ለሚልክያስ ደውሎ ያንኑ ጠየቀው። ልጁ በትሕትና አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ትንሽ ይበልጣል አለ።

እንዲህ ያለ ልዩነት በጭቃም አይመጣም! ሰውየው በዚያ አውሮፕላን ተሳፍሮ አያውቅም ማለት ነው፤ እንዲያውም ማሄ የሚባለውን አገር ማየቱንስ ማን አየ? ሽማግሌ የሚባል ደጄን እንዳይረግጥ አለ ዳልጮ። ፋንታዬ ግን ከመፍረድህ በፊት አንዴ እንኳ አንድ ላይ ጠይቃቸው ብላ ሞገተችው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም በአንድ የስልክ መስመር ተገናኙ። ዳልጮ ድምፁን አወፍሮ የሁለቱንም መልስ ነገራቸውና ከእናንተ አንዳችሁ ዋሽታችኋል አለ።



«አባቴ፣ የእኔ በጀልባ ነው» አለ ሚልክያስ። «እሷን ባሕሩ ያስታውካታል። ስለዚህ ተራዋ ሲሆን የአውሮፕላን ትኬት እቆርጥላታለሁ። ለሁለታችን ግን ገንዘቡ አይበቃኝም።»

ዳልጮ ይህንንም አላመነም። አፍ ያለው ሁሉ እንዲህ ይላል። ልጁን እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃት።

«አላውቅም አባዬ» አለች ብሩክታይት። «እሱም በአውሮፕላን የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ሁልጊዜ ጃኬቱ እርጥብ ነው፤ ስጠይቀው ዝናብ ነው ይለኛል።»

ዳልጮ ገባው፤ ጃኬቱን ያረጠበው ባሕሩ ነው። አፈረ። ስልኩን ለፋንታዬ ሰጣትና ለነገ ሽማግሌዎች ወንበር ሊዋስ ወደ ጎረቤት ወጣ።