ትንፋሽ ወደ ውስጥ

ትናንት ሱሉልታ ታክሲ ስጠብቅ አንዲት እናት ልጇን «ዻባ!» ብላ ጠራች። ወዲያው የሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ኦሮሞው አባቴ ኦሮምኛ የማትችለውን የወሎዋን እናቴን በማግባቱ ከአባቱ ጋር ተቆራርጦ ነበር። አባቴ ሲሞት እናቴ እኔን ይዛ ሰበታ ሄደች፤ አያቴ የልጅ ልጄ ናት ብለው እንዲቀበሉኝ። በኦሮሞ ደንብ የአባቶቼን ስም በተራ መቁጠር ነበረብኝ።

«ዻባ ላይ ምላስሽን ወደ ላንቃሽ እጠፊና ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳቢው» ትለኛለች መንገዱን ሙሉ። ለራሷ ግን አይወጣላትም፤ የማጠናው ስህተቷን ነበር።

የአያቴ ጋቢ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ቆጠርኩላቸው። የገዛ አባታቸው ስም ላይ ስደርስ «ዳባ» አልኩ።

«ድገሚው» አሉ። ደገምኩት፤ ምራቄ ተረጨ እንጂ ያው ዳባ ነው።

«ማን አስተማረሽ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ» አለች እናቴ።

«አንቺ ከየት ታመጪዋለሽ? የሚያስተምራት እኮ ልጄ ነበር» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ቁጣ ይሁን ሐዘን እስከዛሬ አልገባኝም። ሁለተኛ አልጠሩንም።

ትናንት ስሙን በለሆሳስ ደገምኩት፤ ጥርት ብሎ ወጣ። ሴትዮዋ ዞር አለች።

«ልጄን ታውቂዋለሽ እንዴ?»

«የቅድመ አያቴ ስም ነው» ልል አፌን ከፍቼ፣ «አላውቀውም» አልኳት።